ድንጋዩ ያለቀበት ሬዲዮን

የሬዲዮን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁም ግድ የለም፣ ቁጭ በሉ፤ ቡናው ገና አቦል ነው። ድንጋዩ ሲደክም የሬዲዮኑ ድምፅ መጀመሪያ ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይጎረናል፤ በመጨረሻ ጭጭ ይላል። ያን ጊዜ መፍትሔው ድንጋዮቹን ከሆዱ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ነው። የቸኮለ ደግሞ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል። ያደግኩባት የሐዲያዋ ቦኖሻ እንደ ሆሳዕና ብርዳም ስላልሆነች ፀሐይ አይቸግረንም ነበር። ግን ድንጋዮቹን በርበሬ በተሰጣበት ሰሌን ጥግ ስለምናስቀምጣቸው፣ ተመልሰው ሲገቡ የሬዲዮኑ ሆድ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ዜናውን የምንሰማው እያስነጠስን ነበር።

ሬዲዮኑ የእኛ አልነበረም፤ የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ስማቸውን የሚጠራ ልጅ በሰፈሩ ስላልነበረ እኔም ጋሼ ብዬ ልቀጥል። ጥቁር ሬዲዮናቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ልብስ ነበረው። የስፖርት ሰዓት ሲደርስ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡና ፊቱን ወደ ደጅ ያዞሩታል። ውስጥ ሆነው ለብቻቸው ቢሰሙ ማን ይከለክላቸው ነበር? እሳቸው ግን አንቴናውን እየሳቡ፣ “ኑ እንጂ ልጆች፣ ሊጀምር ነው!” ይሉናል። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ በሰፌድ ይዘው ብቅ ይላሉ። በቆሎው ትኩስ ስለሆነ ከእጅ እጅ እያገላበጥን፣ ጆሯችንን መስኮቱ ላይ ጥለን እንቀመጣለን።

ያ ሬዲዮን አዳላ ተብሎ አይታማም። እግር ኳስ ካለ እግር ኳስ፣ ሩጫ ካለ ሩጫ፣ አንዳንድ ቀን ቦክስ፣ አንዳንድ ቀን ብስክሌት። ቅርጫት ኳስ አይተን አናውቅም፤ ውጤቱን ግን እንሰማለን። “ይሄን ሁሉ ነጥብ አገቡ?” ብለን ተገርመን ጋሼን ስንጠይቃቸው፣ እሳቸውም አይተው ስለማያውቁ፣ “ቅርጫቱ ሰፊ ቢሆን ነው” ይሉናል። ለእኛ ያ በቂ ማብራሪያ ነበር።

ታላላቆቻችን ደግሞ ከእኛ በፊት የተሰማውን ይተርኩልን ነበር። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት ረትታ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ ጨዋታውን እንዴት እንዳስተላለፈው። ጎሎቹን ከመተረክ ይልቅ የደምሴን ድምፅ ማስመሰል ይቀናቸው ነበር፤ ትንፋሹን፣ ሲቃውን፣ ስም ሲጠራ ፊደሉን የሚጎትትበትን መንገድ። እኔ ያንን ጨዋታ አልሰማሁትም። ግን እንዲህ በሰው አፍ ደጋግሜ ስለሰማሁት፣ ዛሬ ብትጠይቁኝ ስታዲየም የነበርኩ ያህል አወራላችኋለሁ።

በሰፈራችን ደምሴን ለመሆን የሚሞክር ልጅ ነበር። ስሙን ትተን “ጋዜጠኛው” እንለዋለን። የጨርቅ ኳስ ስንጫወት እሱ አይሰለፍም፤ የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አፉ ላይ ደግኖ መስመሩ ዳር ይሮጣል። የሚገርማችሁ፣ እሱ የሌለ ቀን ጨዋታው አይጥመንም። ጎል አግብተህ ስምህን የሚጎትትልህ ሰው ከሌለ ምኑን አገባኸው? ኳሱ አጥር ጥሶ የሰው እንሰት ውስጥ ሲገባ እንኳ፣ “ኳሷ ለዕረፍት ወጥታለች፣ አድማጮቻችን!” ይላል። መምህራን ማታ ማታ ገመድ ወጥረው መረብ ኳስ ሲጫወቱም ጋዜጠኛው አይቀርም። አስተማሪዎቹን በስማቸው ብቻ መጥራት የሚፈቀድለት ያን ሰዓት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የ1993ቱ መስከረም ነው። እኛ አገር መስከረምን ታውቁታላችሁ፤ የያሆዴ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ይገባል፤ ቅቤው ይነጠራል፣ አታካናው ይሠራል፣ ከየቤቱ የሚወጣው ሽታ ብቻ ሰው ያጠግባል። መስከረም 15 ቀን ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። እዚያ መሽቷል፤ እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው። የጋሼ ደጅ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡት በአዲስ ጫማ፣ እኛ በባዶ እግር፣ ሽማግሌዎቹ በበርጩማ። እትዬ በቆሎውን ትተው ያን ቀን ቡና አፈሉ።

ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ተያይዘዋል። አሰፋ መዝገቡም አለ። ዙሩ እየቀነሰ ሲሄድ ድምፁም አብሮ እየቀነሰ መጣ። ጋሼ ሬዲዮኑን መታ መታ አደረጉት። አንዱ “አዙሩት”፣ አንዱ “አንቴናውን ያዙት” ይላል። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ እንዳልን ጭጭ አለ። ድንጋዩ አለቀ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲያ ሰምቼ አላውቅም። ማንም ሳይልከው አንዱ ልጅ ተፈተለከ። የሰፈራችን ሯጭ እሱ ነው፤ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ሌላ ሬዲዮን ወዳለበት ቤት በረረ። እኛ መንገዱ ላይ ዓይናችንን ተክለን ቆመናል። ብዙም አልቆየ፣ አቧራውን እያቦነነ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ መጣ። መናገር አላስፈለገውም፤ እልልታው እሱ ሳይደርስ ቀለጠ። ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ እንደሆነ የሰማነው ቆይተን ነው። በዚያው ሲድኒ ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ ወርቅ ሲጨምሩ፣ ጋሼ አዲስ ድንጋይ ገዝተው ነበር። ደስታው ደስታ ነው፤ ግን ያን ልጅ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ እንዳየንበት ቀን አልሆነልኝም።

ጋዜጣም ነበረን፤ ግን በሱቅ በኩል ነው የሚደርሰን። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ቦኖሻ እስኪደርስ አርጅቶ፣ ባለሱቁ እጅ ላይ ስኳር መጠቅለያ ይሆናል። ስኳር ስላክ ዓይኔ ከሚዛኑ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ነው። ባለሱቁ ይሄንን አውቆብኝ፣ የስፖርቱን ገጽ ለይቶ ያስቀምጥልኝ ጀመር። የአዲስ ዘመን ቁራጭ፣ የሊብሮ ቁራጭ። አንዳንዱ ዜና “በ80ኛው ደቂቃ” ይልና ይቀደዳል። በ80ኛው ደቂቃ ምን እንደሆነ እኔና ጋዜጠኛው ተመካክረን እንጨርሰዋለን። የሚበዛው ጊዜ ጎል ነው።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. የአቴንሱን 10 ሺህ ሜትር ያየሁት በዝናብ፣ ጭቃ በእግሬ ይዤ ሰው ቤት ገብቼ ነው። የቤቱ እመቤት ቄጤማ የጎዘጎዙበትን ወለል አይተው፣ እግሬንም አይተው፣ “ግባ፣ ግባ፤ ጭቃው ይጠረጋል” አሉኝ። ቀነኒሳና ስለሺ ዞር ዞር እያሉ ኃይሌን ሲጠብቁት ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ዞር ይል ነበር። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። አንድ ሽማግሌ፣ “ታላቁን የጠበቀ ልጅ ይባረክ” ብለው ሦስቱንም መረቁ። በሬዲዮን ቢሆን ያንን ዞር ማለት እንዲህ አናየውም ነበር፤ ለቴሌቪዥን ይህችን ውለታ አልክድም።

በ1998 ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም የሚባል ኢትዮጵያዊ ጣልያን አገር በክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ነው ተባለ። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ባለሱቁ ይሄን ሲሰማ ስኳር መመዘኑን ተወ። “በረዶ ላይ? በእንጨት? ወዶ?” ሦስቱንም ጥያቄ በየተራ መለስንለት። እኛ ጋ በረዶ ቢዘንብ የምንሮጠው ወደ ቤት ነው። ግን ያን ሰሞን ስለማናውቀው ስፖርት የማያወራ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር በፍጥነት ሆነ። ያ እጁን ዘርግቶ የመጣው ሯጭ እንደ ብዙዎቹ የሐዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ገባ። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሲጫወት፣ ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተገናኘ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በጎደሎ እየተጫወትን፣ አዳነ ግርማ በዋንጫው ባለቤት ላይ አግብቶ አቻ ወጣን። የስታዲየሙ ወንበር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሷል። የሯጩ እናት ቦኖሻ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ኳሱን አያዩም፤ የሚያዩት ሕዝቡን ነው። ካሜራው ወደ ደጋፊው በዞረ ቁጥር፣ “እሱ ነው! ያውና፣ እሱ ነው!” ይላሉ። ልጃቸው ያን ቀን ሱቅ ውስጥ እንደነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። አንድም ሰው “አይደለም” አላላቸውም። እንዲያውም አንዱ ጎረምሳ፣ “አዎ እማማ፣ ወፍሯል” አላቸው።

በ2008 ደግሞ ሐዲያ ሆሳዕና ፕሪሚየር ሊግ ገባልን። ነብሮቹን ለማየት በአይሱዙ ጀርባ ቆመን ሆሳዕና፣ አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም እንሄድ ነበር። ስንሄድ በሐዲይሳ እየዘፈንን፣ ስንመለስ ድምፃችን ተዘግቶ በእጅ እያወራን። ቡድኑ ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ስንት ደስታ ሆነ! ነገር ግን ከዚያው ዓመት ጀምሮ ጨዋታዎቹ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ በተመረጡ ሜዳዎች ስለተካሄዱ፣ ቡድናችን ስክሪን ላይ ገብቶ ከደጃችን ራቀ። የቅርቡን ሰው በሩቅ ከተማ ሲጫወት ለማየት ብር ከፍሎ አግዳሚ ላይ መቀመጥ መጣ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ አይሱዙው ግን የለም።

መስከረም 13 ቀን 2016 ለመስቀል አገር ቤት ነበርኩ። እሑድ ነው። ቀን ላይ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። በሪዮ ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጠች ልጅ ናት እኮ! ልቤ ሞቆ ወደ ዲኤስቲቪው ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ በጠመኔ “አርሰናል ከ ቶተንሃም 10፡00” ተጽፏል። ውስጡ መተንፈሻ የለውም። አጠገቤ ያለውን ጎረምሳ፣ “የዛሬውን የትዕግሥትን ሰማህ?” አልኩት። “የቷ ትዕግሥት?” አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ዓይኑም ፈጠጠ፣ ለጓደኞቹም አሳያቸው። “እንዴ!” ተባለ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ።

ልጆቹን አልወቅስም። የአርሰናልን አሰላለፍ እኛ የሲድኒን ሯጮች በምናውቅበት ፍቅር ነው የሚያውቁት። እኛም ብንሆን ሁሉን ስፖርት የሰማነው ተሽለን አይደለም፤ የምንሰማው ሬዲዮን አንድ ስለነበር የሰጠንን ተቀበልን። ዛሬ ምርጫው በዝቶ፣ ሁሉም አንዱን ብቻ መረጠ። የጎደለብኝ ሬዲዮኑም አይደለም። አንቴና ስቦ “ኑ እንጂ ልጆች” የሚል ሰው ነው። ቅርጫት ኳሱንም፣ በረዶውንም፣ የመምህራኑን መረብ ኳስም የወደድነው አንድ ሰው በሙቀት ስላወራልን ነው። ስፖርት በራሱ አይወደድም፤ ሰው ነው የሚያስወድደው።

በቅርቡ ደግሞ ልቤን ደስ የሚያሰኝ ነገር ገጠመኝ። የትምህርት ቤታችን ልጆች የክፍል ለክፍል ውድድር ሲያደርጉ፣ አንድ ተማሪ በስልኩ እየቀረጸ በቴሌግራም በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ሲሞቀው በሐዲይሳ። የሴቶቹንም ጨዋታ፣ ሩጫውንም ያስተላልፋል። ማን አሳየው ብዬ ባጠያይቅ፣ ጋዜጠኛው አጎቱ ነው! እኔ አዲስ አበባ ሆኜ፣ ሯጩ ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እንከታተላለን። ባለፈው የሴቶቹን ፍጻሜ እያየን፣ ሯጩ “ያቺ ሰባት ቁጥር የማን ልጅ ናት?” ብሎ ጻፈ። ከቦኖሻ አሥር ሰው መለሰለት፤ አሥሩም የተለያየ አባት ሰጧት። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረን።