የቡልቡላ ማዳበሪያ

አማርኛችን አንዳንዴ ሳያስበው ይቀልዳል። “ማዳበሪያ” ማለት መሬት የሚያዳብር፣ አፈር የሚያፋፋ ነገር ነበር። ገበሬው የዩሪያውንና የዳፑን ከረጢት ለእህል መያዣ ሲያውለው ስሙ ወደ ከረጢቱ ተሻገረና፣ ዛሬ ከተሜው “ማዳበሪያ” ሲባል ቶሎ የሚታየው ያ ነጭ ጆንያ ነው። ከዝዋይ፣ ማለትም ከባቱ፣ ተነስታችሁ ወደ ሐዋሳ ስትነዱ ቡልቡላ ላይ ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ የምታገኙትም እሱኑ ነው። በውስጡ ያለው ግን ከሰል ነው። መሬት ሊያዳብር የተሰፋ ከረጢት የመሬቱን ልብስ ገፎ ተሸክሞ ቆሟል። ይህን ደራሲ ቢጽፈው ኖሮ “አበዛኸው” እንለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበያው ይደራል። ከላንጋኖ መዝናኛ፣ ከሐዋሳ ሠርግ የሚመለሰው የአዲስ አበባ መኪና ዳር ይይዛል። መስታወት ይወርዳል። “ስንት ነው? ኧረ ቀንሺ!” ሁለት ማዳበሪያ ጣሪያው ላይ ይታሰራል። ከዚያ ጉዞ ይቀጥላልና አንዱ ተሳፋሪ በመስኮት አሻግሮ እያየ፣ “ይሄ ሁሉ እኮ ድሮ ደን ነበር፤ ሰዉ ጨረሰው!” ይላል። ሌላው ከንፈሩን ይመጣል። ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ጣሪያው ላይ ስላለው ነገር ግን ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይከደናል፣ ከሥሩ እሳት ይለኮስበትና አየር እያጠረው ለቀናት ይብላላል። በዚህ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከስድስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ጣሪያችን ላይ ያሰርነው አንድ ማዳበሪያ እንግዲህ በእንጨት ሲመነዘር ትንሽ ጋሪ የሚያጎብጥ ሸክም ነው። እንጨቱ ደግሞ ግራር ነው። በዚያ ዝናብ በሚያጥረው ሸለቆ ግራር ለወግ ለማዕረግ እስኪበቃ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ጥላው ከብት ያሳርፋል፣ ፍሬው በበጋ የፍየል ቀለብ ነው። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እንኳ ግራሩን ከመጥረቢያ ማስጣል አቅቶት ኖሯል። (የአብጃታ ሐይቅ መሸሽ ሌላ ታሪክ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ የሚመግበው ያው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ከላይ ለመስኖ በተቀዳ ቁጥር ወንዙ ይቀጥናል፣ ሐይቁም ዳርቻውን ለነጭ ጨዋማ አፈር ትቶ ያፈገፍጋል። እሱን ሁሉ በከሰል ሻጮች ማላከክ ግፍ ነው።)

አንድ ጊዜ ከአንዲት ሻጭ ጋር ትንሽ አወጋን። ዕድሜውን ተማሪ ፊት ቆሞ የኖረ ሰው ገለጻ አይተወውምና ስለ ግራሩ አነሳሁባት። አልተቆጣችም። ነጠላዋን ከፀሐይ ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አዳመጠችኝና፣

“ጋሼ፣ ግራሩን ከእኛ በላይ ማን ይወደዋል? ፍየሎቻችንን የሚያሳድርልን እሱ አይደል? ዝናብ ሲቀር ግን በቆሎው ይደርቃል። ያኔ እናንተ መኪና አቁማችሁ የምትገዙን ከሰል እንጂ ሌላ ምን አለን?” አለችኝ። ቀጠል አድርጋም፣ “እርስዎ ቤትስ በምንድነው የሚሠራው?”

“በኤሌክትሪክ።”

“መብራት ሲሄድስ?”

ሳቅን። ጥያቄዋ ግን የሁላችንም ነውና ወደ ጓዳችን እንግባ።

በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚነደው ኃይል ግማሽ ያህሉን የሚበላው እንጀራ ነው። በሦስት ጉልቻ ሲጋገር አብዛኛው እሳት የሚያሞቀው ምጣዱን ሳይሆን የጋጋሪዋን ፊትና የጓዳውን አየር ነው። በ1980ዎቹ ሁለት ጥሩ ነገሮች ተሠርተውልን ነበር፤ ከሲሚንቶ የሚሠራው “ምርጥ” ምድጃና ውስጡ ሸክላ የሆነው “ላቀች”። ምርጥ ከጉልቻው እንጨቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ላቀች ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲተያይ ከሰሉን በሩብ ገደማ ያተርፋል። ስም ያወጣላት ሰው ይባረክ፤ ላቀች! አንዲት ጎበዝ የገጠር ሴት ጓዳ የገባች ነው የሚመስለው። ታዲያ ዛሬም ስንቱ ቤት ከሰሉን በኩንታል እያስገባ፣ የሚነድበት ምድጃ ግን ወገቡ የተበሳ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። በማዳበሪያው ዋጋ እየተማረርን ምድጃውን የማንቀይር ሰዎች ነን።

የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ትንሽ በላተኛ አይደለም፤ ከሦስት ሺሕ ዋት በላይ ይስባል። ባለ መቶ ዋት ሠላሳ አምፖል አብርቶ እንደመቀመጥ ቁጠሩት። ሁለት እንጀራ ለመጋገር እሱን ማጋል ለቆጣሪው በዓል ነው። ያደግሁበት ሰፈር ሴቶች ምጣድ የሚጥዱት ተጠራርተው ነበር፤ አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትገባለች፣ ምጣዱ ሳይበርድ ለሦስት ቤት ይዳረሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች በከሰመ እሳት ነበር የሚወጡት። በኤሌክትሪኩም ያው ይቻላል፤ ሶኬቱን ቀደም ብሎ መንቀል ነው።

እናቶቻችን “መዳፈን” የሚሉት ጥበብም ነበር። የተረፈ ፍም አመድ ይለብስና ለነገ ያድራል። ዛሬ እሳቱን ዝም ብለን እናስጨርሰዋለን፤ ወይም፣ የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ ምድጃውን ለሙቀት መኝታ ቤት እናስገባዋለን። በሩም መስኮቱም በተዘጋበት ክፍል ፍም ሲያድር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይሞላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የተኛ ሰው አይነቃበትም። በየክረምቱ አንድ ቤተሰብ እንደተኛ ቀረ ሲባል እንሰማለን፤ ከልቅሶው ስንመለስም በብርዱ ምክንያት ያው ምድጃ አልጋው ሥር ይገባል። ትኩሱን አመድ ቆሻሻ በሞላው ፌስታል ላይ መድፋትም እንደዚሁ ነው። እሳት እንቅልፍ አይወስደውም።

ቆሻሻ ካልን፣ በዚያው መንገድ ላይ ሕፃናቱ መኪና ባዩ ቁጥር “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ ሲሮጡ ታዝባችኋል። ባዶውን የውሃ ጠርሙስ ነው የሚለምኑት። እኛ የጣልነው እነሱ ቤት የዘይት፣ የወተት፣ የላምባ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ቆራሌው አለልን። ጫማውን፣ ብረቱን፣ ጠርሙሱን ለቅሞ ምናለሽ ተራ ያደርስልናል፣ ያልሾምነው የጽዳት ሹም። ቆራሌው የማይወስደው ግን ያሳስበኛል። ያለቀ ባትሪ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን በአሮጌው አምፖል እየለወጥን የወሰድነው ኃይል ቆጣቢ አምፖልም አለ፤ ኤሌክትሪክ ቆጥቦልናል፣ በሆዱ ግን ጥቂት ሜርኩሪ ይዟል። ተሰብሮ ከልጣጩ ጋር ሲጣል የሚያገኘው በባዶ እጁ የሚለቅመው ሰው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ብዙዎቻችን እዚያ ሰው እንደሚኖር የሰማነው የዚያን ዕለት ነው። የመረጡት ሰፈር እንዳልነበር ለማወቅ ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ባትሪና አምፖልን በተለየ ካርቶን ማስቀመጥ፣ የተሰበረ ጠርሙስን ጠቅልሎ “ጠርሙስ ነው” ብሎ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መንገር ሳንቲም አያስወጣም።

ወደ ከሰሏ ልመለስ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በዚያው 2017 መግቢያ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ጭማሪው አግባብ የለውም አልልም፤ መስመርም ትራንስፎርመርም በነጻ አይተከልም። ግን የወር ደመወዙን የሚቆጥር ቤት ቆጣሪውንና ማዳበሪያውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያሰላው። መብራቱ እራት ሰዓት ላይ ከሄደ ስሌቱ እዚያው ያልቃል፤ ልጅ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ይላካል፣ ከሰል ይዞ ይመጣል። ስለ ግራር የሚሰበክ ስብከት ሁሉ እራት ሰዓት ላይ በዚህ ይሸነፋል።

ይሁንና መብራቱ የማይሄድበት፣ ከከሰሉም የሚረክስበት ቀን መጣ እንበል። ያን ጊዜ ቡልቡላ ዳር መኪና አይቆምም። ግራሩ ያተርፋል። እዚያው ቡልቡላ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የአካባቢውን ምርት አቀነባብሮ ለገበያ ሊያቀርብ የታሰበ። ያቺ ሴት ወደ በሩ የሚያስኬዳት ምን እንደሆነ፣ የፍየል ወተት ይሁን ቲማቲም፣ ወይስ የልጇ ጉልበት፣ ሄዶ የነገራት ሰው አልነበረም። ስንለያይ ሦስት ማዳበሪያ ቀርቷታል፤ ሲመሽ ዋጋ እንደሚቀንሱባት ታውቃለችና ዓይኗ ከአስፋልቱ አልተነሳም።