ከሲግናል ሽቅብ፣ እስከ አቦል

አይ ጊዜ! እኛ የሲግናል ሰፈር ልጆች ስናድግ እንጦጦ ማለት ማገዶ ነበር። ሽቅብ ስናይ ባሕር ዛፍ፤ ሲመሻሽ ደግሞ ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ። ከዚያ ተራራ ላይ ሆኖ የከዋክብትን አወላለድ የሚያጠና ሰው ይመጣል ብሎ የነገረን ቢኖር፣ "ተረቱን ቀጥልልን" ብለን ከብበነው እንቀመጥ ነበር።

ሰማዩ ግን ያኔም ቅርባችን ነበር። በተለይ መብራት ሲጠፋ! ሰፈሩ በሙሉ ድርግም ሲል ከየግቢው በሩጫ ወጥተን አንገታችን እስኪያመን እናንጋጥጣለን። "ኮከብ አትቁጠሩ፣ ኪንታሮት ያወጣባችኋል!" ይሉናል አያቴ ከውስጥ ሆነው። እኛ እንቆጥራለን። በጥር ብርድ የኔ ምርጫ ሦስቱ በሰልፍ የሚወጡት ኮከቦች ነበሩ። ከነሱ ዝቅ ብሎ፣ ምንም ቢያፈጡባት የማትጠራ ብዥ ያለች ነጥብ አለች። ስሟን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የኦሪዮን ኔቡላ። 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት ይሰበሰባል፣ ይጠብቃል፣ ይግላል፤ እምብርቱ ላይ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም መለወጥ ሲጀምር ኮከብ ተወለደ ማለት ነው። ለካ እኛ በዚያ ጨለማ ቆመን የከዋክብት ማዋለጃ ክፍል እያየን ኖሯል!

ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው ብላክ ሆል መጀመሪያ የሰማሁት ከፊዚክስ መምህራችን ነው። ጠመኔውን አስቀምጠው ስለ ኡሁሩ ሲያወሩልን ክፍሉ ጸጥ አለ። ኡሁሩ በኤክስሬይ ሰማይን ለመቃኘት ብቻ የተሠራች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. የመጠቀችው ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ሲሆን፣ ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር "ነጻነት" የሚል የስዋሂሊ ስም ወጣላት። ኤክስሬይ የምድርን አየር ሰንጥቆ ስለማይደርሰን እሱን ለማየት ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው። ብላክ ሆል የሚውጠው ጋዝ ከመግባቱ በፊት እየተሽከረከረ በሚሊዮን ዲግሪ ይግላል፤ ያንን ኤክስሬይ የሚረጨው እሱ ነው። "ኬንያ!" አልን እርስ በርሳችን እየተያየን። ይህን ያህል ቅርብ!

የኛም ተራ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2004፣ 47 ሰዎች ሆነው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ሲያቋቁሙ "ዳቦ ሳይጠገብ ኮከብ ምን ያደርጋል?" ያላቸው ብዙ ነው፤ ያበዱ ናቸው ያላቸውም አልጠፋ። እነሱ ግን አልተመለሱም። በ2007 ዓ.ም. በዚያው በማገዶው ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። እንጦጦ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ያያል። እንዲህ ያለ ዕድል ለአውሮፓ ከተሞች የለም!

2012 ዓ.ም.ን ሳስብ ደግሞ ዛሬም ልቤ ይዘልላል። ታኅሣሥ 7 ቀን ኢትዮጵያ የመረጠቻቸው ስሞች በዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ጸደቁ፤ ኮከቧ ቡና፣ የምትዞራት ግዙፍ ፕላኔት አቦል! ዛሬ ከቡና የሚደርሰን ብርሃን ጉዞ ሲጀምር አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና መጠቀች፤ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶችም ሳይነጋ እንጦጦ ወጥተው በስክሪን አዩአት። ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጠዋት ደግሞ ላሊበላ ላይ ፀሐይ በግርዶሽ ቀለበት ሆነች። እኛ ሲግናል ሙሉውን ቀለበት ባናገኝም፣ በግቢያችን ዛፍ ሥር የሆነውን አልረሳውም። በቅጠሎቹ መሐል ያለው እያንዳንዱ ቀዳዳ የተጎረሰችውን ፀሐይ ምስል ሲሚንቶው ላይ ጥሎ፣ መሬቱ በትንንሽ የብርሃን ጨረቃዎች ተሞላ። ልጆቹ በመዳፋቸው ሊይዟቸው ሲሻሙ እኛ አዋቂዎቹም ተቀላቀልን።

ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን አገራችን ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ሰርቢያዊቷ ፕሮፌሰር ሚርያና ፖቪች እዚሁ መጥተው በስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ ያጠኑት የነበረው የጋላክሲዎችን እምብርት ነው። በዚያ ያለው ግዙፍ ብላክ ሆል ሲውጥ የሚረጨው ጉልበት ጋዙን አሙቆና በትኖ የከዋክብትን ልደት ያስቆማል የሚል ሐሳብ በሰፊው ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአፍሪካውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ከወጣትነት ወደ እርጅና በመሻገር ላይ ያሉ ጋላክሲዎችን መረመረ። ብላክ ሆላቸው እየዋጠ ካሉት፣ በኤክስሬይም በኢንፍራሬድም ከሚያበሩት፣ አብዛኞቹ መውለድ አላቆሙም፤ እንዲያውም እኩያቸው ከሆኑ ጸጥተኛ ጋላክሲዎች የበለጠ ከዋክብት ይወልዳሉ! እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ አስትሮኖሚ ማኅበር በአስትሮኖመሯ በጆስሊን ቤል በርኔል ስም የሰየመውን ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸለመው እሳቸውን ነው።

የዛሬው የሲግናል ልጅ የብላክ ሆል ፎቶ በስልኩ አይቶ ያድጋል፤ ኮከብ እንዴት ይወለዳል ብሎ ሲጠይቅም "ባሕር ማዶ ሂድ" አይባልም፣ ተራራው ይጠቆምለታል። የጎደለው ጨለማው ነው። ፎቁና አምፖሉ በዝቶ ያቺ ብዥ ያለች ነጥብ ከሰፈራችን እምብዛም አትታይም፤ ብርሃኑ እንጦጦ ድረስ ወጥቶ ቴሌስኮፖቹንም ያውካል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የመንገዱና የግቢው መብራት ሁሉ ክዳን ኖሮት ወደ መሬት ብቻ ያብራ። እግረኛው መንገዱን አያጣም፣ ሰማዩም ይመለስልናል። ለቡናና ለአቦል ስም ያወጣ ሕዝብ ይህን ማድረግ አያቅተውም!