ከ«የትኛውን ልግዛ?» በፊት

አክሲዮን ለእኛ አዲስ አይደለም። የግል ባንክ ከተፈቀደ ወዲህ መምህሩም ነጋዴውም ነርሷም የአክሲዮን ወረቀት ከቤት ካርታ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጠዋል። በንጉሡ ዘመንም ቢሆን በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር፤ አብዮቱ መጥቶ ኩባንያዎቹ ሲወረሱ አብሮ ቀረ። አሁን አዲስ የሆነው ዋጋ በየጊዜው የሚወጣበት ገበያ መኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ደወሉን ደወለ፤ ወጋገን ባንክም ቀድሞ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን የሚያነሳልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የትኛውን ልግዛ?»

ስም አልጠራም። ፈቃድ ያለኝ አማካሪ አይደለሁም፤ ከዚያም በላይ ጥያቄው ዋጋን ዘሎ ያልፋል። ጥሩ ድርጅት በማይገባው ዋጋ ከተገዛ ኪሳራ ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ አሥር በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ገሚሱ «ቴሌ መቼም አይከስርም» አለ፤ ገሚሱ «መንግሥት ካለበት አልገባም» አለ። ሁለቱም ወገን ካልኩሌተር አላወጣም። የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው፣ የአንዱ ዋጋ 300 ብር። አሥር በመቶው 100 ሚሊዮን ከሆነ ጠቅላላው አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ በ300 ሲባዛ 300 ቢሊዮን ብር። እንግዲህ ትንሹን መጠን 33 አክሲዮን በ9,900 ብር በቴሌብር የገዛ ሰው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ «ይህ ድርጅት 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል» ብሎ ተስማምቷል። ድርጅቱ በ2016 በጀት ዓመት ያተረፈው የተጣራ ትርፍ ወደ 22 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። ለአንድ አክሲዮን ሲካፈል 22 ብር ገደማ ይደርሰዋል። ትርፉ ባለበት ቢረግጥና በሙሉ ቢከፋፈል እንኳ 300 ብሩ እስኪመለስ ከ13 ዓመት በላይ ይወስዳል።

ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ትርፉ በየዓመቱ ያድጋል ብሎ ለሚያምን ሊረክስ ይችላል፤ ያው ብር መሬት ላይ ወይም ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ቢውል የተሻለ ያስገኛል ለሚል ይወደዳል። እዚህ ላይ ሰው ቢለያይ አይደንቀኝም፣ ገበያ የሚባለውም የሚቆመው በዚህ ልዩነት ነው። በመጨረሻ ወደ 47 ሺህ ሰው 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ገዛ፤ ከቀረበው አንድ ዘጠነኛው ገደማ መሆኑ ነው። ከነዚያ ሰዎች ስንቱ ይህን ስሌት ሠርቶ ገባ የሚለውን ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ባንክ ላይ ደግሞ የለመድነው መለኪያ ሌላ ነው። «ዘንድሮ ስንት ከፈሉ?» እንላለን፣ ልክ ዕቁብ እንደወጣለት ሰው። «ሠላሳ በመቶ!» ይባላል። የምን ሠላሳ በመቶ? አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ የሚነሳው ከአክሲዮኑ የመነሻ ዋጋ ነው። ባለ አንድ ሺህ ብሩን አክሲዮን ከሰው ላይ በ1,500 ብር የገዛችው እህቴ 300 ብር ሲደርሳት ያገኘችው ሃያ በመቶ ነው፣ ያውም ግብሩ ሳይቀነስ። የዋጋ ንረቱ ከሠላሳ በመቶ ባለፈባቸው ዓመታት ደግሞ ያ ሃያ በመቶ ራሱ ወዴት እንደሄደ ጤፍ ሻጩን መጠየቅ ነው።

«ከአምስት ባንክ ገዝቻለሁ፣ አንዱ ቢወድቅ አንዱ ያነሳኛል» የሚለውም ብዙ አያጽናናኝም። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የዓመት የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲያዝ ትልቁም ትንሹም ባንክ እኩል ታሰረ። አምስቱም በአንድ መመሪያ የሚነኩ ከሆነ በቁጥር እንጂ በሥጋት አልተለያዩም።

የመሸጡን ነገር በአጭሩ። ድሮ መሸጥ ማለት ገዢ በሰው በሰው አፈላልጎ፣ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ተመላልሶ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ተሰልፎ ነበር። አሁን ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ማዘዝ ሌላ፣ ገዢ ማግኘት ሌላ ነው። ገበያው ገና ልጅ ነው፣ የተመዘገበውም ድርጅት ጥቂት ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለቤት ኪራይ የሚፈለግ ብር እዚያ መግባት የለበትም።

(በቴሌግራም «በወር ሃያ በመቶ» የሚሉትን ሰዎች እዚህ ጋር አልቀላቅላቸውም። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የሰጣቸው በዝርዝር ይታወቃሉ፤ እነሱ እዚያ የሉም።)

ታዲያ ጀማሪ ምን ይይ? እኔ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት እጄ ሲገባ የቦርድ ሰብሳቢውን መልዕክትና የሪባን ቆረጣውን ፎቶ ገልብጬ አልፋለሁ። «ትርፋችን በ25 በመቶ አደገ» የሚለውም ደማቅ ጽሑፍ ለጊዜው ይቆየኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ አዝዞ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ስለሰጠ፣ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ነው የከረሙት። ትርፉ በ25 በመቶ ሲያድግ የአክሲዮኑ ብዛት በ40 በመቶ ካደገ፣ አምና ለአንድ አክሲዮን 300 ብር የደረሰው ዘንድሮ 268 ብር ገደማ ነው የሚደርሰው። ባንኩ አድጓል፤ የእያንዳንዱ ባለ አክሲዮን ቁራሽ ግን አንሷል። ይህ ቁጥር ከኦዲተሩ ሪፖርት ጀርባ፣ «የአንድ አክሲዮን ገቢ» በሚል አንድ መስመር ላይ፣ በትንሽ ፊደል ይገኛል። የአምስት ዓመቱን በወረቀት ጎን ለጎን ጽፎ ማየት አንድ ከሰዓት አይፈጅም።