እኩዩ ድል ካደረገ በኋላ

ጀግናና እኩይ የሚፋለሙባቸው ፊልሞች ፍጻሜያቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጀግናው ያሸንፋል፣ ተመልካቹም ረክቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የአሜሪካው ድሪምወርክስ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዕይታ ያበቃው፣ ቶም ማክግራዝ ያዘጋጀው «ሜጋማይንድ» የተሰኘው የካርቱን ፊልም ግን ይህን ልማድ ገልብጦ፣ ገና በጅምሩ ድሉን ለእኩዩ ይሰጣል።

ሁለት ሕፃናት ከሚጠፉ ፕላኔቶች ወደ ምድር ይላካሉ። አንደኛው ከባለጸጎች ቤት ያርፋል፤ ሰማያዊ ቆዳና ግዙፍ ጭንቅላት ያለው ሜጋማይንድ ግን ወህኒ ቤት ወድቆ እስረኞች ያሳድጉታል። በትምህርት ቤት አንደኛው ሲሞገስ ሌላው ወደ ጥግ ይገፋል። የተገፋው ልጅ እችልበታለሁ ብሎ ያመነው አንድ ነገር ክፋት ብቻ ሆነ።

ጀግናው ሞተ በተባለ ጊዜ ከተማይቱ በሜጋማይንድ እጅ ገባች፤ ነገር ግን ተቀናቃኝ ያጣ ድል ትርጉም አጣበት። አዲስ ጀግና ለመፍጠር ያዘጋጀው ኃይል በስሕተት ለአንድ የቴሌቪዥን ካሜራማን ደረሰ፤ ሰውየውም ኃይሉን ለግል ፍላጎቱ አውሎ ከተማይቱን ያፈርስ ጀመር። የቀድሞው ጀግናም አልሞተም፤ ጀግንነቱ ሰልችቶት ተሸሽጎ ሙዚቃ ይሞክር ነበር። ስለዚህ ከተማይቱን የማዳኑ ሸክም በእኩዩ ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ እርሱም ተወጣው።

ልጆች በሰማያዊው ሰው ሁኔታ ከልብ ይስቃሉ። አብሯቸው የሚስቅ መምህር ግን ከፊልሙ በኋላ በማግስቱ ክፍሉ ሲገባ፣ ዓይኑ አስቀድሞ ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ልጅ ቢያመራ አያስገርምም።