ስለ ማሰር

በወረታ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድ ቃል አሳፍሮኛል። ቃሉ «ባይንድ» የሚባለው ነው። በምናነበው ምንባብ ውስጥ ስለ መጣ፣ በሰሌዳው ላይ «አሰረ» ብዬ ፈታሁትና ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው በቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርተው እንዲመጡ አዘዝሁ።

በማግሥቱ ደብተሮቹን ስመለከት ከፎገራ ሜዳ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ የጻፈው፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «አባቴ ታስሯል» የሚል ነበር። ቀይ ቀለሜን አንሥቼ ሰረዝሁት። እንግሊዝኛው ወህኒ ለገባ ሰው ሌላ ቃል አለው፤ «ባይንድ» የሚለው ገመድ ወይም ሰንሰለት ካላረፈበት በቀር ለእስረኛ አይነገርም። እርማቴ ትክክል ነበር። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት መምጣቱን ተወ።

ቋንቋ አስተማሪ ቃልን በቃል የለወጠ እንደ ሆነ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እንግሊዞች ቁስል ሲጠቀልሉ፣ መጽሐፍ ሲጠርዙ፣ ነዶ ሲያስሩ፣ በውል ግዴታ ሲገቡ በዚያው በአንድ ቃል ይናገራሉ። እኛ መጽሐፉን እንጠርዛለን፤ ስንቅንና ቂምን እንቋጥራለን፤ «አሰረ» የምንለው ቃል ግን ጥጃውንም፣ የአንገት ማተቡንም፣ ሰውንም ያስራል። ቃሉ ከግእዝ የወረደ ጥንታዊ ቃል ነው፤ ዓረብም ዕብራዊም ከዚያው ሥር ቀድተው ምርኮኛውንና እስረኛውን «አሲር» ይሉታል።

በቀድሞው ዘመን ደግሞ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ዳኛ እስኪለያቸው ድረስ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዱ ነበር። ከሳሹም ከተከሳሹ ባላነሰ ይታሰር ነበር ማለት ነው። ልማዱ ከቀረ ቈይቷል፤ ቃሉ ግን ሕመምተኛውን ከመኝታው ጋር አቆራኝቶ «የአልጋ ቁራኛ» እያሰኘ ይኖራል።

የሰዋስው ሊቃውንትም ንግግርን የሚፈጽመውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ብለው ሰየሙት። «አባቴን» ብሎ የጀመረ ሰው አባቱን ያመስግነው ወይም ይክሰሰው የሚታወቀው ይህ ግስ በመጨረሻ ሲመጣ ነው። ይህንንም ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የልጁን ነገር ግን ማሰሪያው ሳይመጣ ፈረድሁበት።

ኅዳር ሲገባ ልፈልገው ወደ ሜዳው ወረድሁ። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መሬት ነው። ቀድሞ ረግረጉ የከብት ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ውኃ የሚቋጥረው መሬት ራሱ ተፈላጊ ሆነ። የሩዙን በረከት አልክድም፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስከ መቋቋም አድርሷል። ነገር ግን ግጦሽ የነበረው ማሳ ሲሆን፣ ድንበሩ ዋጋ አገኘ። የልጁም አባት የታሰረው ከጎረቤቱ ጋር በዚሁ በድንበር ተጣልቶ ነው።

ልጁን ከእናቱና ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ሩዝ ሲያጭድ አገኘሁት። ለምን እንደ ቀረ ብጠይቀው ቀና ብሎ፣

«መምህር፣ ይህ ነዶ በሜዳው ካደረ ከብት ይበላዋል። አባቴ እስኪፈታ ድረስ የማስረው እኔ ነኝ» አለኝ።

ቃል እየመረጠ አልነበረም። እኔ በሰሌዳ ላይ ለብቻ ያቆምሁትን «ማሰር» እርሱ ከመፍታት ጋር በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

እናቱም ሽማግሌዎች ወደ ጎረቤቱ መላካቸውን ነግራኝ፣ «አሁን የሚሹብን ደመወዝ ያለው ዋስ ነው፤ እኛ ደግሞ ደመወዝተኛ ዘመድ የለንም» አለችና ዝም አለች። አልለመነችኝም። ዋስ ማለት ሌላው እንዲፈታ ራሱን የሚያስር ሰው ነው፤ የመምህርም ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ወዲያው እሺ አላልሁም፤ ስለ ቤት ኪራዬ አሰብሁ። በማግሥቱ ስፈርም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትየዋ «ወሮታዎን እግዚአብሔር ይክፈልዎ» ስትለኝ የከተማዋ ስም በጆሮዬ አቃጨለ፤ የምኖርባትን ከተማ ስም ከዚያ በፊት እንዲህ ሰምቼው አላውቅም።

በዚያች ቀን ግን መልስ ሳልሰጥ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ነዶ ማሰር ጀመርሁ። ማሰሪያው ከራሱ ከሩዙ አገዳ የሚገመድ ነው። የመጀመሪያውን ነዶ አስሬ ወደ ክምሩ ስወስደው በመንገድ ላይ ተፈታ። ልጁም ሳይስቅ ተቀበለኝና እንደገና አሰረው።