አቦሉ በስንት ሰዓት ይጠጣ?

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. ምሽት፣ በርሊን። የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ወደ መጨረሻው ቀጥታ ገብቷል። ደብረ ማርቆስ የተወለደችው መሰለች መልካሙ ከፊት ናት። ከዓባይ ምንጭ አገር ከሰከላ የወጣችው ውዴ አያሌውም አልራቀችም። መሰለች መስመሩን ልትረግጥ ስትል ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ደርሳ ቀደመቻት። ማሳይ 30:51.24፣ መሰለች 30:51.34፣ ውዴ 30:51.95። ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሮጦ ወርቁን ከብሩ የለየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ሦስቱም ሜዳልያዎች አንድ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ አለቁ።

መሰለች ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ዩትሬክት ላይ 29:53.80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር። የብቃት ጥያቄ አልነበረም። በዚህ ደረጃ የሚሮጡ አትሌቶች ጉልበታቸው፣ ልምምዳቸው፣ የከፍታ ኑሯቸው ሁሉ ተቀራራቢ ነው። ልዩነት የሚፈጥረው በመጨረሻዋ ደቂቃ እግር ሲከብድ፣ ሳንባ ሲቃጠል፣ አእምሮ «ይበቃል» ሲል የሚተርፈው ነገር ነው። የስፖርት ሳይንስ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ላይ በትክክል እንደሚሠራ ደጋግሞ ያረጋገጠው አንድ ነገር አለ፤ እሱም በጎጃም እያንዳንዱ ቤት ጀበና ውስጥ ያለው ካፌይን ነው።

የዚያን ምሽት ውጤት በቡና ለማስላት የሚቻል አይደለም፤ አትሌቶቹ ምን እንደጠጡም እዚህ ጥያቄ አይሆንም። ጥያቄው ቡናው መቼና ምን ያህል ቢጠጣ ይጠቅማል የሚል ሲሆን፣ ወደፊት የሚሮጡትን የሚመለከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በብሪታኒያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው የዋይልስና የባልደረቦቹ ጥናት ለሯጮች የቀረበው ተራ ቡና ነው። አንድ ቀን 3 ግራም የሚሟሟ ቡና፣ ሌላ ቀን ካፌይኑ የወጣለት ቡና ጠጥተው በመሮጫ ማሽን 1,500 ሜትር ሮጡ። ካፌይን ያለውን በጠጡበት ቀን በአማካይ 4.2 ሰከንድ ፈጠኑ። በሌላ ሙከራ ደግሞ በአንድ ፍጥነት ከሮጡ በኋላ የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ እስከቻሉት እንዲያፈተልኩ ተደረገ። በዚያም ቡናው በሰዓት 0.6 ኪሎ ሜትር ያህል ጨመረላቸው። ላቦራቶሪ ውስጥ የተገኘ ቁጥር እንዳለ ወደ ሩጫ ሜዳ አይዛወርም። ሆኖም ለ1,500 ሜትር ሯጭ አራት ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ያለውን ልዩነት ችላ አይለውም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ሰውነት ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል። ይህ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ባሉት ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ የድካምና የእንቅልፍ ስሜት ይመጣል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። ሥራው አይቀልም፤ ክብደቱ ግን እንደበፊቱ አይሰማም፤ ጡንቻም ይበልጥ ይታዘዛል። ቀደም ሲል ተመራማሪዎች ነገሩን በስብ ያስረዱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮስቲልና ባልደረቦቹ ብስክሌተኞች 330 ሚሊግራም ካፌይን ያለበት ቡና በጠጡበት ቀን እስኪደክሙ 90 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ፣ ካፌይኑ የወጣለትን በጠጡበት ቀን ግን 75 ደቂቃ አካባቢ ላይ መቆማቸውን አሳዩ። ምክንያቱም ሰውነት ስብ እያቃጠለ በጡንቻ የተከማቸውን ስኳር ስለሚቆጥብ ነው ተባለ። ዛሬ ዋናው ምክንያት ከአንጎልና ከነርቭ በኩል እንደሆነ በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። ለደቂቃዎች ብቻ የሚቆይ ከባድ ሩጫ የስኳር ክምችት ሳያልቅ የሚያልቅ በመሆኑም ይህኛው ማብራሪያ የበለጠ ያስኬዳል።

መጠኑስ? አብዛኞቹ ጥናቶች የሚስማሙበት በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ነው። እስከ 9 ማድረስ የሚጨምረው ብቃትን አይደለም፤ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የልብ ምትንና ጭንቀትን ነው። 50 ኪሎ ለምትመዝን የረጅም ርቀት ሯጭ ዝቅተኛው 150 ሚሊግራም ይሆናል። የአረቢካ ቡና ፍሬ ካፌይን ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 13 ግራም ያህል የተቆላና የተወቀጠ ቡና ይበቃታል ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ችግር እንደሌለው ይገልጻል።

እዚህ ላይ ጀበናውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካፌይን በፈላ ውኃ በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ አብዛኛው በአቦሉ ወጥቶ ያልቃል፤ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላው ቶና ይቀልላል፣ በረካ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ወግና ጨዋታው ሦስቱንም ይጠይቃል፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ግን የሚፈልገው አቦሉ ውስጥ ነው። ካፌይኑ ደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው ከተጠጣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለሚጀመር ውድድር አንድ ሰዓት ላይ ቢጠጣ ልክ ይመጣል።

ሕጉም አይከለክልም። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በአንድ ወቅት ሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ12 ማይክሮ ግራም በላይ ካፌይን የተገኘበትን አትሌት ይቀጣ ነበር። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2004 ጀምሮ ካፌይንን ከተከለከሉት ዝርዝር አውጥቶ በክትትል ላይ ብቻ አቆይቶታል። ጫት ግን ሌላ ነው። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው፤ ለካቲን የተቀመጠው ጣሪያ በሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት በሰፊው በሚመረትበት በዚህ ዘመን፣ «ሁለቱም ማነቃቂያ ናቸው» ብሎ የሚያምን ወጣት አትሌት ገና ሳይጀምር ሊታገድ ይችላል። ይህን በግልጽ መንገር የአሠልጣኙ ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊጤን የሚገባው ብረት ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለ ከፍታ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ይሠራል፤ ጥሬ ዕቃው ደግሞ ብረት ነው። በወር አበባ ደም የምታጣ ሴት ሯጭ የበለጠ ያስፈልጋታል። የዓመቱ ግማሽ ያህል በጾም በሚያልፍበት አካባቢ ብረቱ የሚመጣው በብዛት ከእህልና ከጥራጥሬ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ብረት ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ሰውነት ለመውሰድ ይከብደዋል።

ችግሩ ቡናው የሚቀርብበት ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ተበልቶ ገበታው ሲነሣ ጀበናው ይጣዳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የሞርክና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ከሃምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረቱን ወደ ሰውነት መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ ያሳያል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣውም እኩል ጎዳ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ጥፋቱ የካፌይኑ ሳይሆን ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ነው። ስለዚህ ከሩጫ በፊት የሚጠቅመው ያው ቡና ከሽሮ በኋላ ሲጠጣ፣ ከፍታው የሚሰጠውን ጥቅም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሰዋል። ውጤቱ ዛሬ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም ሆኖ ይመጣል፤ አትሌቷም «ሰነፈች» ትባላለች። ይህ ስም ያለጥፋቷ የሚለጠፍባት ልጅ መኖር የለባትም።

የማታው ቡናም ዋጋ አለው። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ንጋት ላይ ተነሥቶ በብርዱ ለሚሮጥ ሰው የጎደለውን ሰዓት የሚመልስለት ነገር የለም።

ሰው ሁሉም አንድ አይደለም። ካፌይንን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ኢንዛይም በአንዱ ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል። የእምነትም ኃይል አለ። በቢዲና ባልደረቦቹ ሙከራ (እ.ኤ.አ. 2006) ብዙ ካፌይን የወሰዱ የመሰላቸው ብስክሌተኞች፣ የተሰጣቸው ባዶ እንክብል ሆኖ ሳለ ኃይላቸው ወደ 3 በመቶ ጨመረ። ምንም አልወሰድንም ያሉት ደግሞ ቀነሱ። «እኛ ከልጅነት ጀምሮ የለመድነው ነው፣ አይሠራብንም» ለሚሉትም መልካም ዜና አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብራዚል ውስጥ በ40 ብስክሌተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በየቀኑ ብዙ ካፌይን የሚወስዱትም እንደ ሌሎቹ መጠቀማቸውን አግኝቷል። በለመዱት ላይ ጥቅሙ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ሌሎች ጥናቶች ስላሉ ግን ክርክሩ አልተዘጋም።

በደብረ ማርቆስና በሰከላ ያሉ አሠልጣኞች ይህን ለመሞከር ላቦራቶሪ አያስፈልጋቸውም። የወጥ ቤት ሚዛን፣ የእጅ ሰዓትና ደብተር ይበቃል። በአንድ የልምምድ ሳምንት 13 ግራም ቡና ከሩጫው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ተጠጥቶ 1,000 ሜትር በከባድ ፍጥነት ይደጋገም፤ በሌላው ሳምንት ያለ ቡና። የእያንዳንዱ ሰዓት፣ የሆዱ ሁኔታ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ ይጻፍ። የሚያሳምመው ወይም የሚያንቀጠቅጠው ይተወው፤ የጠቀመው ደግሞ ለውድድር ቀን ያቆየው። ከምሳ በኋላ ያለው ጀበና ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት ወዳለው ጊዜ ይዛወር፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜም የሴት ሯጮች የደም ብረት ይለካ። ወጪው ጥቂት ነው፤ አሁንኑ ሊጀመርም ይችላል።