መኪናው ማሰብ ሲጀምር ጀማሪው ጸሐፊ ወዴት ይሂድ?

እርስዎ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ሠራተኛ ሆነው ደብዳቤ የሚያረቁና ቃለ ጉባኤ የሚይዙ፥ ወይም ነገ እንዲህ ላለው ሥራ በትምህርት ቤት የሚዘጋጁ ከሆነ፥ ይህ ጽሑፍ የእርስዎን እንጀራ የሚመለከት ነውና ጥቂት ጊዜዎን ይስጡኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ዐዲስ ነገር አስቀድሞ የሚነካው የአናጢውንና የግንበኛውን እጅ ሳይሆን የጸሐፊውን ብዕር ነው። ደብዳቤ ያረቃል፥ ረጅሙን ዘገባ ያሳጥራል፥ ሒሳብ ያመሳክራል፥ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይመልሳል። ስሙ ስለሚረዝም እኔ በዚህ ጽሑፍ «መኪና» እያልሁ እጠራዋለሁ፤ አባቶቻችን የጽሕፈት መኪና፥ የስፌት መኪና ይሉ እንደ ነበረው ማለት ነው። ዓመቶቹንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁም ገና አራት ዓመት አልሞላኝም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው «የቢሮ ሥራ ተምረን ስንወጣ መኪናው ወስዶት ቢቈየንስ?» የሚለው ነው። «አይዟችሁ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበረ። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ለትምህርቱ አራት ዓመት ሊከፍሉ ነውና ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባቸዋል። እንደ እኔ አስተያየት የጀማሪውን ዕድል የሚወስነው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም መኪናውን የገዛው ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለማየት በስዊድን አገር የተመሠረቱ ሁለት ኩባንያዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ክላርና ይባላል፤ በ2005 በስቶክሆልም ከተማ የተቋቋመ፥ ገበያተኛው ዕቃውን ዛሬ ወስዶ ገንዘቡን ቈይቶ እንዲከፍል የሚያደርግ የገንዘብ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት ለደንበኞች መልስ የሚሰጥ መኪና ካቆመ በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 2024 መኪናው በአንድ ወር ውስጥ ከደንበኞች ጋር 2.3 ሚሊዮን ንግግሮችን ማድረጉን፥ ይኸውም በጽሑፍ ከሚቀርበው ጥያቄ ከሦስት እጅ ሁለቱን መሸፈኑን፥ የ700 ሰዎችንም ሥራ ያህል መሥራቱን በኩራት አስታወቀ። ቀድሞ 11 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጉዳይ ከ2 ደቂቃ በታች ያልቅ ጀመር። በሜይ 2025 ግን የድርጅቱ መሪ ሰባስቲያን ሲሚያትኮቭስኪ፥ ወጪ መቀነስን ከመጠን በላይ መመልከታቸው የአገልግሎቱን ጥራት እንዳወረደው ገልጠው፥ ደንበኛው በፈለገ ጊዜ ሰው እንዲያገኝ ሲባል እንደገና ሰው መቅጠር መጀመራቸውን ተናገሩ። መኪናውን ግን አላሰናበቱትም። የጐደለው በመኪናው መልስ ያልረካ ደንበኛ ዘወር ብሎ የሚያነጋግረው ሰው ነበረ።

ሁለተኛው ኢኬያ የተባለው የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው። አብዛኞቹን ሱቆች የሚያስተዳድረው ኢንግካ የተባለው ድርጅት በ2021 «ቢሊ» የምትባል መልስ ሰጪ መኪና አቆመ፤ ስሟንም ያወጡላት ከታወቀው የመጽሐፍ መደርደሪያቸው ነው። (ለመደርደሪያ ሞክሼ የሆነች ጸሐፊ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።) እስከ 2023 ድረስ ቢሊ ወደ ድርጅቱ የጥሪ ማእከሎች ከሚመጡት ጥያቄዎች 47 በመቶ የሚሆነውን መለሰች። ሥራው በግማሽ ከቀለለ ሠራተኛውም በግማሽ ይቀነስ የሚል አለቃ ብዙ ነው። ኢንግካ ግን 8500 የሚሆኑ የጥሪ ማእከል ሠራተኞቹን ስለ ቤት ማሳመር እንዲያማክሩ አሠለጠነ። ትናንት «ዕቃዬ መቼ ይደርሳል?» ለሚለው ሰው መልስ ይሰጥ የነበረው ሠራተኛ፥ ዛሬ ጠባብ ሳሎኑን በምን እንደሚያሳምር ለጨነቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ ምክር ይሰጣል። ይህንንም ያደረጉት ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ በዚሁ የርቀት ምክር አማካይነት በ2022 የበጀት ዓመት 1.3 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠውበታል፤ ከጠቅላላው ሽያጭ 3.3 በመቶ ማለት ነው።

እንግዲህ መኪናው አንድ ዐይነት ነው። አንደኛው ቤት የስንት ሰው ሥራ እንደ ተተካ ቈጠረ፤ ሌላው እነዚህ ሰዎች ጊዜ ካገኙ ምን ሊሠሩ ይችላሉ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ዓመት ስልክ ሲያነሣ የኖረ ሠራተኛ ደንበኛው በየትኛው ዕቃ እንደሚማረር፥ የትኛው የቁም ሣጥን በየትኛው ክፍል እንደማይገባ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በኩባንያው የሒሳብ መዝገብ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ስለዚህም ሠራተኛው ሲሰናበት የጠፋው ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው ቈይቶ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ዐይነት ነገር እናገኛለን። አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን በማልጠራው የግል ድርጅት ይሠራል። ሥራ አስኪያጃቸው አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው «ከእንግዲህ ዘገባ በመኪናው ይጻፍ፤ የሦስት ቀኑ ሥራ በአንድ ቀን ይለቅ» ብለው ተነሡ። ማን ያሠልጥን፥ የደንበኛው ምስጢር ወደ መኪናው ይግባ ወይስ አይግባ፥ የወጣውን ማን ይመርምር፤ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አልተነገረም። እርሳቸው ራሳቸውም መኪናውን ሞክረውት አያውቁም። ውጤቱን ባልንጀራዬ የነገረኝ እየሣቀ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በኪሱ ስልክ ተደብቆ ያስጽፋል፤ ሥራውን በአንድ ሰዓት ይጨርስና ሁለት ቀን የደከመ መስሎ ይቀመጣል። ፈጥኖ መጨረሱ ከታወቀ ወይ ሥራ ይደረብበታል ወይ ቦታው ይታጠፍበታልና ማን ይፈርድበታል? ሥራ አስኪያጁ በሚተርፈው ጊዜ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ቢናገሩ ኖሮ፥ ብልኀቱን የሚነግራቸው ራሱ ሠራተኛው በሆነ ነበር።

እንዲህ ያለው አመራር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ኤዲሰን በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ሥራ ካስጀመረ በኋላ፥ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የኤሌክትሪክን ሙሉ ጥቅም ያገኙት በ1920ዎቹ ገደማ ነው። ፖል ዴቪድ የተባሉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ምክንያቱን ገልጠውታል። አሮጌው ፋብሪካ በአንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር ይሠራ ነበር፤ ጕልበቱም በረጅም የብረት ዘንግና በጠፍር ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ይደርሳል። ባለቤቶቹ እንፋሎቱን አውጥተው በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ፤ ዘንጉንና ጠፍሩን ግን እንዳለ ተዉት። ጥቅሙ የመጣው ለየመሣሪያው የራሱ ትንሽ ሞተር ተሰጥቶ፥ ፋብሪካው እንደ ሥራው ቅደም ተከተል እንደገና ሲደራጅ ነው። የባልንጀራዬ አለቃም ሞተሩን ለውጠው ዘንጉን ትተውታል፤ ያው ዘገባ፥ ያው ሦስት ፊርማ፥ ያው ማኅተም።

አሁን ወደ ጀማሪው ልመለስ። በ2023 ኤሪክ ብሪንዮልፍሰን፥ ዳንየል ሊና ሊንድሴይ ሬይመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለደንበኞች በጽሑፍ መልስ የሚሰጡ ከ5000 በላይ ሠራተኞችን ሥራ መርምረው ነበር። በመኪናው የታገዘው ሠራተኛ በአንድ ሰዓት የሚፈታው ጉዳይ በአማካይ 14 በመቶ ጨመረ፤ የጀማሪውና የደካማው 34 በመቶ ሲጨምር የነባሩ ባለሙያ ግን እምብዛም አልተለወጠም። መኪናውን የያዘ የሁለት ወር ጀማሪ፥ መኪና የሌለውን የስድስት ወር ሠራተኛ ያህል ሆነ። መኪናው የተማረው ከጎበዞቹ ሠራተኞች መልስ ነበርና፥ የእነርሱን ብልኀት ለጀማሪው ሹክ ይለዋል።

ይህ ለጀማሪ የምሥራች ነው፤ ነገር ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከዚሁ ላይ ይነሣል። መኪናው ከነባሩ ተምሮ ለጀማሪው ካስተማረ፥ ቀጥሎም አንዳንዱ አለቃ «እንግዲያስ ጀማሪው ለምን አስፈለገ?» ካለ፥ የዛሬ ዐሥር ዓመት ነባር የሚሆነው ከየት ይመጣል? በመሥሪያ ቤት ያለን ሰው ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲገለብጥና ከመዝገብ ቤት ፋይል ሲያመላልስ የቈየ ጸሐፊ፥ የትኛው ጉዳይ ወደየትኛው ክፍል እንደሚሄድ፥ የትኛው ደብዳቤ ነገ ክስ ይዞ እንደሚመጣ ሳያውቀው ይማራል። አሰልቺው ሥራ ትምህርት ቤቱ ነበረ። መኪናው ግልበጣውን ከወሰደ መሪው ሌላ መሰላል ሊሠራለት ግዴታው ነው፤ ጀማሪው አስቀድሞ በራሱ እጅ አርቅቆ ከመኪናው ጋር ያስተያይ፤ በከባዱ ጉዳይ ላይ ከነባሩ አጠገብ ይቀመጥ። እኔ በክፍሌ እንዲሁ አደርጋለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ በብዕር ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የጻፈውን አምጥተን ስሕተቱን በቀይ እናርማለን። ከሁሉ የሚወዱት የትምህርት ሰዓት ይህ ሆኗል፤ መቼም መምህርን ማረም አይቻልም፤ መኪናን ማረም ግን ደስ ይላል።

አንድ ቀን ተማሪዎቼ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዳቤ በመኪናው አስጽፈው አመጡ። «ክቡር ርእሰ መምህር» ብሎ ጀመረና በሦስተኛው መሥመር ላይ «አንተ» አላቸው፤ ወረድ ብሎ ደግሞ «እርስዎ» ሆኑ። መኪናው የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነውና አይደንቅም። ዳሩ ግን «አንተ» የተባለው ደብዳቤ ፊርማ ተደርጎበት ቢወጣ የሚጠየቀው ማነው?

በካናዳ አገር ይኸው ጥያቄ ዳኛ ፊት ቀርቦ ነበር። አያቱ የሞቱበት መንገደኛ በ2022 የኤር ካናዳን መልስ ሰጪ መኪና ቢጠይቅ፥ ለኀዘንተኛ የሚደረገውን የዋጋ ቅናሽ ከጉዞው በኋላም ማመልከት እንደሚችል ነገረው። የኩባንያው ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበረ። ኩባንያው መኪናው ለሥራው ራሱ ተጠያቂ ነው እንደ ማለት ያለ መከራከሪያ ቢያቀርብም፥ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያለው የዳኝነት ጉባኤ በፌብሩዋሪ 2024 አልተቀበለውም፤ ኩባንያው እንዲከፍል ፈረደበት። ገንዘቡ ከአንድ ሺሕ የካናዳ ዶላር ያነሰ ነው። ዜናውን ያነበበ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ግን «የእኛን መኪና መልስ የሚያነበው ማነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ያደረ አይመስለኝም።

እርስዎ ሥራ አስኪያጅ አይደሉም፤ ቢሆንም የክፍል ኃላፊዎ ቀና ሰው ከሆኑ አንድ ነገር ሊያቀርቡላቸው ይችላሉ። መላው መሥሪያ ቤት ሳይነካ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ፥ በአንድ ዐይነት ደብዳቤ ላይ ብቻ ለሦስት ወር ይሞከር። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ዐምድ ይሠመር፤ የተቈጠበው ሰዓት፥ የተገኘው ስሕተት፥ ያረመው ሰው ስም፥ በተረፈውም ሰዓት የተሠራው ሥራ። ባልንጀራዬ ይህንኑ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቦላቸዋል። ሦስቱን ዐምዶች ወዲያው ፈቀዱ፤ በአራተኛው ላይ ግን «እናስብበት» ብለው ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀርተውታል።